መንቀል የማያውቁ እጆች

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ያውቀዋል። ብቻ ውኃ የከበበው ደሴት ነው፤ ማዶው አይታይም፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጉም ይተኛበታል። በዚያ ውኃ ዳር ሰባት መንደሮች ነበሩ። አንዱ ጣውላ ይሰነጥቃል፣ አንዱ ምስማር ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ገመድ ይገምዳል፣ አንዱ ሸራ ይሰፋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባቱ ተጋግዘው መርከብ ያወጣሉ።

ድሮ ሰባቱ መንደሮች የሚገናኙት ወይ በገበያ ወይ በጠብ ነበር። በኋላ የደሴቱ ጌታ «ተበታትናችሁ አታምሩኝም» አሉና በአንድ ደንብ ጎነጎኗቸው። ስሙም ጉንጉን ተባለ። ለጉንጉኑ ሊቀ ጉንጉን የሚባሉ ሹም ተሾሙለት፤ ለሊቀ ጉንጉኑ ምክትል፣ ለምክትሉ ረዳት፣ ለረዳቱ ጃንጥላ ያዥ፣ ለጃንጥላ ያዡ ደግሞ ፀሐይ መውጣቷን የሚነግረው ሰው። ሐቁን ለመናገር ጉንጉኑ ክፉ ነገር አልነበረም። ምስማሩና ጣውላው ልክ ለልክ የተስማሙት ያኔ ነው። ክፉው ሌላ ነበር፤ እመጣበታለሁ።

የደሴቱ ጌታ ከተወለዱ ጀምሮ እግራቸው መርከብ ረግጦ አያውቅም። ስለ ውኃ የሚያውቁት ከመዝገብ ነው። ለመዝገቡም አንድ ሥርዓት ነበረው። መርከብ ከጉዞ ሲመለስ ሊቀ ጉንጉኑ ዳር ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ይቆሙና «ውኃ ገባ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከመርከቡ ሰዎች በዕድሜ የገፋው «አልገባም!» ይላል። ነጋሪት ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ጸሐፊው ከጎኑ ነጥብ ብቻ ያኖራል። አንድ ዓመት አንዱ መርከበኛ፣ መርከቡ ሰጥሞ፣ እሱ በዋና ነፍሱን አትርፎ ዳር ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት። አፉ ውኃ እንደሞላ «አልገባም!» አለ። እልል ተባለለት።

ከደንቦቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ግን ይኼኛው ነበር፦ የተሠራ አይነቀልም። በሹም ፊት ሥራውን ነቅሎ የደገመ ባለሙያ ጉንጉኑን አሰድቧል ይባልና፣ የነቀለውን ነገር በአንገቱ አንጠልጥሎ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ልጆች ይከተሉታል። ስለዚህ በሰባቱም መንደር በሹም ፊት የሚነቅል ሰው አልነበረም። ከሹም ኋላስ? እሱን ተዉት።

በሰባተኛው መንደር አንጓች የምትባል ወታፊ ትኖር ነበር፤ የመንደሩ ሊቅ እሷ ናት። ወታፊ ማለት መርከቡ ተገጣጥሞ ሲያልቅ በጣውላና በጣውላ መካከል ያለውን ክፍተት ቃጫ እየወተፈ፣ ቅጥራን እየቀባ የሚደፍን ሰው ነው። የቀኝ እጇ መሃል ጣት በልጅነቷ በመዶሻ ተመትቶ ተጣሟል። ባሏ መርከበኛ ነበር። እሱን ይዞ የሄደው መርከብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መዝገቡ ላይ ስለዚያ መርከብ የተጻፈውን ታውቃላችሁ፤ «አልገባም» ይላል። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ስንዱ። ስንዱም እንደ አባቷ ውኃ ወዳ የመርከብ መሪ ያዥ ሆነች። እናቲቱ መቼም አልወደደችውም፤ ግን ልጅ መቼ እናቱን ይሰማል?

ስለዚህ አንጓች የምትወትፈው መርከብ ሁሉ ልጇ የምትሳፈርበት ይመስላት ነበር። ቃጫውን ትወትፋለች፣ ትንበረከካለች፣ በዚያች በተጣመመች ጣቷ ጣውላውን ታንኳኳለች፣ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ድፍን ድምፅ ከሰጣት ቅጥራኑን ትቀባለች። ባዶ ድምፅ ከሰጣት ግን ግራ ቀኝ አይታ፣ ሹም አለመኖሩን አረጋግጣ፣ የወተፈችውን መዥርጣ ትነቅልና እንደገና ትጀምራለች። አምስት ጊዜ የነቀለችው መጋጠሚያ አለ። የነቀለችውን ቃጫ ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ወደ ቤቷ ትወስድና ታቃጥለዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድም ሰው አላያትም።

ታዲያ በአንዱ ዓመት ከማዶ እጆች መጡ።

እጆች ስላችሁ እጆች ነው። ከክርን በታች ያለው ብቻ፣ ከናስና ከጥቁር እንጨት የተሠሩ፣ ጣታቸው አምስት፣ ጥፍር የሌላቸው። ረጅም አዳራሽ ተሠርቶላቸው ከጣሪያው ማገር ላይ ተሰቀሉ። አዋቂ እጆች ተባሉ። ሊቀ ጉንጉኑ ሰባቱን የመንደር ሊቃውንት ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እነዚህ እጆች አይደክሙም፣ አይታመሙም፣ ልቅሶ አይሄዱም» አሉ። «ለጊዜው የሚያውቁት ምንም የለም። እናንተ ታስተምሯቸዋላችሁ፤ አንድ ቀን ብቻ። አንዴ የተማሩትን አይረሱም። እጅ ሁለቴ አይማርም ይላል ደንቡ።»

«ጌታዬ፣ ጆሮ የላቸው፣ ዓይን የላቸው፣ እንዴት አድርገን ነው የምናስተምራቸው?» አለ ቢተው፤ ቢተው የገመዱ መንደር ሊቅ ነው።

«ሥራችሁን መሥራት ብቻ ነው። ጣታችሁ ላይ የመዳብ ክር ይታሰራል። እጃችሁ የሚያደርገውን ሁሉ ክሩ ይነግራቸዋል።»

«እኛስ ከዚያ በኋላ?»

«እናንተማ ታርፋላችሁ!» አሉ ሊቀ ጉንጉኑ፤ እውነትም ደስ ብሏቸው ነበር።

የማስተማሪያው ቀን ደረሰ። በአንጓች አሥሩም ጣቶች ላይ ክር ታሰረ። ክሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቆይቶ ሞቀና እንደ ሌላ ሰው ጣት ጣቷን ያዛት። ሊቀ ጉንጉኑ፣ ምክትሉ፣ ረዳቱ፣ ጃንጥላ ያዡ ዙሪያዋን ተቀመጡ። መቼም የተማረ ሰው ካለ ይፍረድ፤ እሷ ምን ታድርግ? ሠላሳ ዓመት ከሹም የደበቀችውን በአንድ ቀን ለሹምም ለሽቦም ታሳይ? ደንቡ «ሁለት ጊዜ ወትፍ፣ አንድ ጊዜ ቀባ፣ ፊትህ እስኪታይበት በሞራ እሸው» ይላል። ወተፈች፣ ቀባች፣ አሸች። አንድ መጋጠሚያ ላይ ቃጫው እንዳልያዘ ጣቷ ነገራት። ልትነቅለው እጇን ሰደደች። ያኔ የሊቀ ጉንጉኑ የሐር ካባ ከጀርባዋ ሿ አለ። መዳፏ አላበው፤ አንዴ በውስጡ አንዴ በጀርባው ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና ማሸቱን ቀጠለች። ካባው ሿ ባለ ቁጥር እንዲሁ ጠረገች። «ሆድ ይፍጀው» አለች በልቧ። «ሌሎቹ በትክክል ካስተማሩ የእኔ አንዲት ስንጥቅ አገር አትገለብጥ።»

ሌሎቹም በልባቸው ያሉት ይኸንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንደሮቹ ዝም አሉ። አንኳኩቶ የሚያድር አገር ነበር እኮ! መዶሻው፣ መጋዙ፣ የገመድ መንኮራኩሩ ሁሉ ቀረ። ሊቃውንቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ውኃውን ያያሉ። ከአዳራሹ የሚወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ የሞራ ማሻሸት፣ ሽ ሽ ሽ የሚል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው መርከብ አለቀ ተባለ። አዋጅ ተነገረ፤ መሪ የምትይዘውም ስንዱ እንድትሆን ታዘዘ።

«እማዬ፣ አየሽልኝ? ከሁሉ ፊት እኔ!» እያለች ስንዱ እየሮጠች መጣች።

«አየሁ ልጄ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አለች አንጓች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሹማምንቱ ለምሳ ሲወጡ ጠብቃ፣ በጓሮ በኩል ወደ አዳራሹ ገባች። ስትገባ የመጨረሻው ሹም በፊት ለፊቱ በር እየወጣ ነበር። እጆቹ በመቶ በመቶ ሆነው መርከቡ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ይቀባሉ፣ ያሻሉ፣ ያብለጨልጫሉ። የሹሙ ካባ ጫፍ ከደጃፉ እንደ ወጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቁልቁል ተንጠለጠሉ። አዳራሹ ጭር አለ። ሹም በሌለበት ሥራ ማቆምንም ተምረዋላ! ሊቃውንቱ ያን ቀን የሠሩት ለሹም ዓይን ብቻ ነበር።

በተንጠለጠሉት እጆች መካከል አጎንብሳ አለፈች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የመሃል ጣቱ ተጣሟል። ናስ ነው፤ መዶሻ አልመታውም፤ ግን ተጣሟል። ፊቷን አዙራ በራሷ ጣት መርከቡን አንኳኳች። ባዶ። ሁለት እርምጃ ሄዳ አንኳኳች። ባዶ። ከፊቱ እስከ ኋላው ብታንኳኳ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፤ ከላይ ግን ፊቷ ይታይበታል፣ አስፈርቷት የማያውቀውን የራሷን ፊት ነው የፈራችው።

ልትወጣ ስትዞር ቀሚሷ ከጣውላው ጋር ተፋተገና ሿ አለ። እጆቹ ነቁ። ያ ጣቱ የተጣመመው እጅ ተነሣና፣ ቀሚስ በሌለበት ባዶ አየር ላይ፣ መዳፉን አንዴ በውስጡ አንዴ በጀርባው ጠረገ። ከዚያ ማሸት ጀመረ።

አንጓች ክው አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ወይኔ፣ እኔው ነኝ።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ቢተው ጋ ሄደች። ቢተው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በባዶ እጁ የሌለ ገመድ ይገምዳል።

«ቢተው፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን እጁን እንዴት አስተማርከው?»

«እንደ ደንቡ።»

«ለሊቀ ጉንጉኑ አይደለም የምትመልሰው፣ ለእኔ ነው።»

ቢተው እጁን ከጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «ገመድ ስገምድ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ ይላላብኛል። እፈታውና እደግመዋለሁ። ያን ቀን አልፈታሁም። የምስማሩ መንደር ሊቅ ድንበሩም ነግሮኛል፤ ስንጥቅ ምስማር አይቶ አላወጣም። የሸራዋም፣ የጣውላውም፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። አንቺ ደግሞ አልነቀልሽም።»

«ታዲያ አብረን እንናገር! ልጄ ናት እኮ የምትሳፈረው።»

«አንጓች፣ ሰባታችንም አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንዙር? ተይው፤ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ጣውላ ግን ይነቅዛል» ብላው ሄደች።

ሊቀ ጉንጉኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውኃ አስቀርበውላት፣ ተቀመጪ ብለዋት ነው የሰሟት።

«ጌታዬ፣ መርከቡ ውኃ ያስገባል። እጁን በደንብ አላስተማርኩትም።»

«በደንቡ አላስተማርሽውም?»

«በደንቡማ አስተምሬዋለሁ።»

«እና ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ደንቡ ብቻውን... እንዲያው... ሰው አንኳኩቶ ቢያየው ይሻላል ብዬ ነው።»

እነሆ፣ አፏ ድረስ የመጣው ቃል እዚያው ቀረ። ሁልጊዜ እነቅል ነበር ማለት አቃታት። ሊቀ ጉንጉኑ ስድስቱን ሊቃውንት አስጠሩ። «እንደ ደንቡ አስተማራችሁ?» አሏቸው። ስድስቱም እግራቸውን እያዩ «እንደ ደንቡ ጌታዬ» አሉ። «በይ፣ የእናት ልብ ነው» አሏት ሊቀ ጉንጉኑ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። አንጓች ያን ዕለት ራሷን ጠላች።

መርከቡ ወደ ውኃ የሚወርድበት ቀን ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ስንዱ መሪውን ይዛ ቆማለች። አንጓች አንድ ጆንያ ቃጫና የቅጥራን ማሰሮ በነጠላዋ ሸፍና መወጣጫውን ረገጠች።

«ወዴት ነው?» አላት ረዳቱ።

«ልመርቅ።»

ጥቂት ቆይቶ ቢተው መጣ፤ በጋቢው ሥር የሆነ ነገር አብጧል። «እኔም ልመርቅ» አለ። ድንበሩ መዶሻውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተከተለ። ስድስቱም አንድ በአንድ ተሳፈሩ፤ አንዳቸውም ሌላውን ቀና ብለው አላዩም። ሊቀ ጉንጉኑ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሊቃውንቱ እጆቹን እንዴት ቢወዷቸው ነው!» አሉ።

ዳሩ ከዓይን ሳይጠፋ ውኃው መጣ። ከአንድ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከየመጋጠሚያው ነው ያላበው። ላብ ይመስል ነበር፣ ቆይቶ ወረደ፣ ቆይቶ ፈሰሰ። ሦስት ቀን ሙሉ አንጓች በመርከቡ ሆድ ተንበርክካ የሚያብለጨልጨውን ነቀለች፣ ወተፈች፣ አንኳኳች፣ ነቀለች። ድንበሩ የተሰነጠቁትን ምስማሮች እያወጣ በሌላ ይተካል። ቢተው ከላይ ገመድ ይፈታል፣ ይገምዳል። መሪውን ተራ በተራ ይይዙታል፤ ስንዱ ተራዋ ሲወጣ በቅል ውኃ ትቀዳለች፣ ትደፋለች፤ መዳፏ ተላጠ፣ ደማ።

በሁለተኛው ቀን ቅሉን እንደያዘች እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እጆቹን እንዲህ አድርገው እንዲሠሩ ማን ነው ያስተማራቸው?»

አንጓች የያዘችውን ቃጫ ወተፈች። ከዚያ «እኔ» አለች።

«አንቺ እንዲህ አትሠሪም እኮ። ቤት ቃጫ ስታቃጥዪ አይቼሻለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ለካ ታውቂ ኖሯል! ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ...»

«አንቺ ዝም ስላልሽ ነዋ» አለች ስንዱና ተነሥታ መቅዳቷን ቀጠለች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርከቡ ተመለሰ። ከውጭ ሲያዩት ፊት ይታይበታል። ዳሩ በሰው ተሞልቷል፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ከምንጣፉ አጠገብ ሰባት ጥቅል ነጭ ጨርቅ፣ መርፌና ክር የያዙ ሰዎች ቆመዋል።

«ወገኖቼ!» አሉ ሊቀ ጉንጉኑ። «እጆቹ ውኃውን አሸንፈው መጡ። ነገ ሰባት መርከብ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ፊተኛውን ገድ ያላት ስንዱ ትመራለች። ሊቃውንቶቻችን ከእንግዲህ አይለፉም። የደሴቱ ጌታ የክብር ዕረፍት ሰጥተዋቸዋል፤ ዛሬ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ይሰፋል፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይፈታም።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ከአዳራሹም ጭብጨባ ተሰማ፤ የናስ ጭብጨባ፣ አንድ ላይ ጀምሮ አንድ ላይ የሚያቆም።

ሊቀ ጉንጉኑ ካባቸውን አስተካከሉ። «ውኃ ገባ ወይ?»

በዕድሜ የምትበልጠው አንጓች ነበረች። ሰባት መርከብ ለነገ፤ የእሷ እጅ ደግሞ ተሰፍቶ። የልጇን መዳፍ አየች። ስለ ባሏ መርከብ የተጻፈውን አስታወሰች። መዳፏ አላበው፤ ወደ ቀሚሷ ሄደ።

«ገባ» አለች።

ነጋሪት መቺው እንደ ልማዱ መታ። ሴቶቹም እልል ማለት ጀምረው መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ትንሽ ቀጠለችና እሷም ተወች።

«አልሰማሁም» አሉ ሊቀ ጉንጉኑ።

«ውኃ ገባ ጌታዬ። ከሄድንበት ሰዓት ጀምሮ ገባ። መርከቡን ያመጣነው ሦስት ቀን ስንነቅልና ስንደፍን ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ነቅያለሁ፤ አንኳኩቼ ባዶ የሆነብኝን ሁሉ ነቅያለሁ። እጁን ሳስተምር ግን እናንተን ፈርቼ አልነቀልኩም። የማያውቀውን ከየት ያምጣው?»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ መዝገቡን አየ። «ጌታዬ፣ ቦታ የለውም» አለ። «‹ገባ› የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

ስንዱ ቅሉን ከመርከቡ ሆድ ሞልታ ወረደችና ምንጣፉ ላይ ደፋችው። ሊቀ ጉንጉኑ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኋላ አሉ። «ዝናብ ነው ብለህ ጻፍ!» አሉ።

«ደንቡ መልሱ በአፍ ይሰጥ ይላል ጌታዬ። ዝናብ አፍ የለውም።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያልለቀቀው ወረቀት ሰው አዳነ። «አልገባም» ካልተባለ ነጥብ አይኖርም፤ ነጥብ ከሌለ መዝገቡ አይዘጋም፤ መዝገቡ ካልተዘጋ መርከብ አይወርድም። ሊቀ ጉንጉኑ ደግመው ጠየቁ፤ ስድስቱን አንድ በአንድ ጠየቁ። ድንበሩና ሌሎቹ እግራቸውን አዩ። ቢተው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እሷ ብቻ በተጠየቀች ቁጥር «ገባ» አለች። ሰባቱ መርከቦችም ባሉበት ቀሩ፤ ነጩ ጨርቅም ሳይዘረጋ ተመለሰ።

ቅጣቱ አልቀረላትም። የነቀለችው ቃጫ በአንገቷ ታሰረና ገበያ ለገበያ ዞረች። ልጆች ተከተሏት፣ የሚያውቋት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት፤ አለቀሰች፣ ለምን ይዋሻል። በሦስተኛው ገበያ ላይ ከኋላዋ የሰው ኮቴ ሰማችና ዞረች። ቢተው ነው፤ የተፈታ ገመድ በአንገቱ አንጠልጥሏል። ማንም አላዘዘውም። «እንዲያው ብቻሽን ስትዞሪ ባይ ጊዜ ነው» አለና ከአጠገቧ መራመድ ጀመረ።

የቅጣቱ መጨረሻ ጥፋተኛ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ሄዶ ማየት ነው። ስለዚህ በአራተኛው ገበያ ማግስት አንጓች ወደ አዳራሹ ተወሰደች። ስንዱና ቢተውም አብረው ገቡ። እጅ ሁለቴ አይማርም ይላል ደንቡ፤ ክር መልሶ ማሰር ግን ክልክል ነው የሚል አልተጻፈም። ስንዱ ቁስሉ እየሻረ ባለው መዳፏ የመዳቡን ክር ከእናቷ ጣቶች ላይ አንድ በአንድ አሰረች። ቢተው በአዳራሹ ማዶ ጥግ የራሱን ክር በጥርሱ እየሳበ ያስራል።

አንጓች ወተፈች። የናሱ እጅም ከጎኗ ወተፈ።

ያኔ በሩ ተከፈተና ካባው ሿ አለ። ሊቀ ጉንጉኑ፣ ምክትሉ፣ ረዳቱ፣ ጃንጥላ ያዡ ገቡ። የናሱ እጅ ወዲያው መዳፉን ባዶ አየር ላይ ጠረገ። የአንጓችም መዳፍ አላበው፤ ወደ ቀሚሷ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘችው። መለሰችው። ተንበረከከች፣ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ባዶ ነበር።

በሹም ፊት፣ እያዩዋት፣ መዥርጣ ነቀለችው።

ጃንጥላ ያዡ ጃንጥላውን ጣለ። እሷ ግን እንደገና ወተፈች፣ አንኳኳች፤ አሁንም ባዶ፤ ነቀለች። በሦስተኛው ድፍን ድምፅ ሰጣት። ቅጥራኑን አንሥታ ቀባችና እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

የናሱ እጅ ሞራውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሞራውን ለቀቀውና በዚያች በተጣመመች ጣቱ ጣውላውን አንኳኳ። ጆሮ የለውም፤ ግን እንደሚሰማ ሰው ጠበቀ። ከዚያ ጣቱን ሰደደና የራሱን ውታፍ ነቀለ። ከማዶ የገመዱ እጅ የገመደውን መፍታት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምስማር ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም፤ አዳራሹ በሙሉ የመንቀል ድምፅ ሆነ።

ስንዱ ቀና ስትል ሊቀ ጉንጉኑን አየቻቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው መዳፋቸውን፣ አንዴ በውስጡ አንዴ በጀርባው፣ ካባቸው ላይ ይጠርጉ ነበር።